እውነት ቢሆንስ?

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁና ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ።

ከዓመታት በፊት የወጣቶች ኅብረታችን አዳዲስ አገልጋዮችን ይመርጥ ነበር። መባ ቆጥሮ ለሒሳብ ክፍል ለማስረከብ አንድ ወንድም ተጠቆመ። ስሙን አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ። ከፕሮግራም በፊት ወንበር የሚደረድር፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አዳራሹን የሚጠርግ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነበር። ጥቆማው ሲነበብ ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት። እኔ ግን እጄን አወጣሁ። «ወንድማችንን እወደዋለሁ፤ ነገሩ ገንዘብ ነውና ግን እንጠንቀቅ። ለማታውቁ፣ እሱ በስርቆት ታስሮ የወጣ ነው» አልኩ። እሱ በዕለቱ አልነበረም።

የተናገርኩት እውነት ነበር። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ሌላ ሰው ተመረጠ፤ ስብሰባውም በጸሎት ተዘጋ። ወሬው ግን አልተዘጋም። ሳምንት ሳይሞላ በመዝሙር ልምምድ ላይ፣ በጸሎት ቡድን ውስጥ፣ በታክሲ ወረፋ ላይ ሳይቀር «ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርሽ» እየተባለ ተዳረሰ። ወሩ ሳያልቅ ወንድማችን መምጣት አቆመ። አንዳንዶቻችን «እግዚአብሔር ያሰበው ያ ነው፤ ልቡ ድሮም አልነበረም» አልን።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። ስለ ሰው ያለፈ በደል የምንናገረው ነገር እውነት ከሆነ፣ መናገሩ ምን ጥፋት አለው? ሐሰት ብናገር ኖሮ ኃጢአቴን አውቀው ነበር። እውነት በመናገሬስ ምን አጠፋሁ?

መልሱን መጀመሪያ ያገኘሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ በስብከት ውስጥ አይደለም። በአገራችን የወንጀል ሕግ ውስጥ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ይቅርታና ምሕረት የሚሉትን ቃላት አንዱን በሌላው ቦታ እንጠቀምባቸዋለን። ሕጉ ግን ይለያቸዋል። በሕጉ ቋንቋ ይቅርታ የሚባለው ቅጣቱ ሲቀርለት ወይም ሲቀልለት ነው፤ ሰውየው ከእስር ይወጣል፣ ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ ግን በመዝገቡ ላይ ይቆያል። ምሕረት ከዚህ ይሰፋል፤ ክሱም ፍርዱም ይቀራል፣ እንዳልነበረም ይቆጠራል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሦስተኛ ቃል ደግሞ አለ፤ መሰየም ይባላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይህን ይደነግጋል። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ወደ ፍርድ ቤት አመልክቶ፣ የተፈረደበት ፍርድ እንዲሰረዝለትና የተነፈጉት መብቶች እንዲመለሱለት የሚጠይቅበት መንገድ ነው። በአማርኛችን «ሰየመ» ስንል ስም አወጣ ማለታችን ነው። ስሙ የጠፋበት ሰው እንደገና ስም የሚያገኝበት መንገድ እንደ ሆነ አድርጌ ነው የምሰማው።

ማን ይችላል? ሕጉ በሩን ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይከፍትም። በመጀመሪያ ጊዜ ማለፍ አለበት፤ ጽኑ እስራት ለተፈረደበት ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌሎቹ ቅጣቶች 2 ዓመት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው መልካም ጠባይ ማሳየት ይኖርበታል። ሌላም አለ፤ የበደለውን ሰው መካስና የፍርድ ቤቱን ወጪ መክፈል፣ ያውም አቅሙ በፈቀደ መጠን። ይህን ሲያሟላ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከተሰየመ በኋላ ዳግመኛ ከባድ ወንጀል ሠርቶ የተፈረደበት ግን መሰየሙ ሊሻርበት ይችላል።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለሚመለከተው ሰው ግን እንጀራው ነው። የጥበቃ ሥራ ልትቀጠሩ፣ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄዱ ወይም ቪዛ ልትጠይቁ ስትሉ አሻራ ሰጥታችሁ «ከወንጀል ነጻ» የሚለውን ማስረጃ አምጡ ትባላላችሁ። ለብዙዎቻችን ይህ የግማሽ ቀን ወረፋ ነው። አንድ ጊዜ ለተፈረደበት ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀው ግድግዳ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሕጉ በመሰየም ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ያን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የተሰየመን ሰው ያለፈ ፍርድ በክፋት እያነሣ የሚነቅፈው ሰው፣ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። በዚያ ጊዜ «የተናገርኩት እውነት ነው» ብሎ መከላከል አይፈቀድለትም።

እስቲ አስቡት። ፍርድ ቤት እውነት የሚፈለግበት ቦታ ነው። ምስክር የሚምለው እውነት ሊናገር ነው። ያው ፍርድ ቤት ግን በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ «እውነት ነው» የሚለውን መከላከያ አይቀበልም። ለምን? ሕጉ እውነትን ስለ ናቀ አይመስለኝም። እውነት በክፉ እጅ ውስጥ ሲገባ ድንጋይ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ የተከፈለውን ዕዳ ደረሰኝ ደብቆ፣ ሰነዱን ብቻ እያወጣ የሚያሳይ ሰው ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ሌባ ነው።

በኔ ልብ ክፋት ነበረ ወይ? ለብዙ ጊዜ «ለጌታ ገንዘብ ተጠንቅቄ ነው» ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ሐቁ ሌላ ነው። ለዚያ አገልግሎት ጓደኛዬ እንዲመረጥ እፈልግ ነበር። የወንድሜ ያለፈ ታሪክ በእጄ የሚገኝ ምቹ ነገር ሆነልኝ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይዛችሁ እንደምትሞግቱኝ አውቃለሁ፤ ልክም ናችሁ። መጽሐፉ የሰዎችን ኃጢአት አይደብቅም። ረዓብ በእምነት ከዳነች በኋላ እንኳ፣ በዕብራውያን 11 እና በያዕቆብ 2 የድሮ ሥራዋ ከስሟ ጋር ተጽፏል። ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ሰሎሞን ከማን እንደ ተወለደ የሚነግረን የኦርዮን ስም እየጠራ ነው። ዳዊት ይቅር ተብሏል፤ ታሪኩ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ታዲያ እግዚአብሔር ራሱ መዝገቡን ካልሰረዘ እኛ ለምን እንሰርዛለን?

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን ታሪኮቹ ለምን እንደ ተጻፉ እንመልከት። ረዓብ በዚያ ስም የተጠራችው ከእምነት አባቶች ተርታ ስትቆም ነው፤ ከተርታው ልትወጣ አይደለም። የኦርዮ ስም የተነሣው ጌታ በምን ዓይነት ቤተሰብ ውስጥ ሊወለድ እንደ ፈቀደ ሊያሳየን ነው። ዳዊት ደግሞ ስለ ኃጢአቱ ራሱ ዘምሯል። ጳውሎስም አሳዳጅ እንደ ነበረ የነገረን ራሱ ነው፤ በተከሰሰበት አደባባይ ሳይቀር ደጋግሞ ተናግሮታል። አፉን ሞልቶ ስለ ራሱ ሲናገር ምስክርነት ይባላል። ሌላው ሰው በጓሮ ሲናገረው ግን ያው ቃል ክስ ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ማን እንደሚናገረውና ማንን ለማንሣት እንደ ሆነ ነው።

ይህን ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የአናሲሞስ ታሪክ ነው። ጳውሎስ ስለ እርሱ የጻፈባቸው ሁለት ደብዳቤዎች በእጃችን አሉ። አንዱ ለፊልሞና ነው፤ ምናልባት ለተበደለው ሰው ማለት ነው። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ጳውሎስ በደሉን አይሸሽግም። ዕዳ ካለ በእኔ ላይ ቁጠረው ይላል፤ በገዛ እጁም ይፈርማል። ሁለተኛው ደብዳቤ ለቆላስይስ ምዕመናን በሙሉ የሚነበብ ነው። በምዕራፍ 4 ላይ አናሲሞስን ያነሣዋል። ምን ብሎ? የታመነና የተወደደ ወንድም፣ ከእነርሱ ወገን የሆነ ብሎ ነው። ስለ ዕዳ አንድ ፊደል የለም። ዕዳው የሚመለከተው ሰው ዕዳውን አወቀ፤ የማይመለከተው ጉባኤ ወንድሙን ብቻ ተቀበለ። ጳውሎስ ዋሸ? አልዋሸም። እያንዳንዱ እውነት የራሱ አድራሻ እንዳለው ያውቅ ነበር።

እኔ የፊልሞናን ደብዳቤ ለቆላስይስ ጉባኤ ነው ያነበብኩት።

ሁለት ነገሮችን ግን ካልተናገርኩ ከእውነት እጎድላለሁ።

አንደኛው፣ የተበደለው ሰው አለ። መዝገብ ሲሰረዝ ቁስል አይሰረዝም። ዕቃዋ የተሰረቀባት እናት፣ በድብደባ ዓይኑን ያጣ ወጣት፣ «ፍርድ ቤት ሰርዞታልና እርሳው» ሊባሉ አይገባም። ሕጉ ካሣን ከመሰየም በፊት ያስቀመጠው በከንቱ አይመስለኝም። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ ባስተናገደ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው የበደላቸውን አራት እጥፍ እከፍላለሁ ማለት ነበር። ልብ በሉ፤ ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ዘኬዎስ ከመክፈሉ በፊት ነው። ጸጋ ቀደመ፣ ካሣ ተከተለ። ጸጋ 5 ዓመት አይጠብቅም፤ ወንድማችን ከወህኒ ቤት በወጣበት ቀን ወደ ጌታ ማዕድ መቅረብ ይችላል። ነገር ግን የበደለውን ሰው ደጅ ሳያንኳኳ በመዝሙር ብቻ ልለፈው የሚል ካለ፣ ጸጋውን አልገባውም።

ሁለተኛው፣ ይቅርታና አመኔታ አንድ አይደሉም። ሕፃናትን የጎዳ ሰው ይቅር ሊባል ይችላል፤ የሰንበት ትምህርት ልጆች ግን ለእርሱ አይሰጡም። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዝም ማለት የለባቸውም፤ ለሚመለከተው አካል መናገር ግዴታቸው ነው። አያችሁ፣ እዚህም ጥያቄው አድራሻ ነው። ሰውን ከአደጋ ለመጠበቅ፣ ለመጠበቅ ኃላፊነት ላለው ሰው፣ በሚያስፈልገው መጠን መናገር ሐሜት አይደለም። እኔም ያን ቀን በእውነት ለመባው ሰግቼ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ክፍት ነበር። ወንድሜን ለብቻው አግኝቼ እጠይቀው ነበር። አስፈላጊ ከሆነም ወደ አንድ ሽማግሌ አብረን እንሄድ ነበር። ሁለት ሰው አብሮ ይቁጠር ብል እንኳ ይበቃ ነበር፤ ይህ ለታሰረውም ላልታሰረውም የሚጠቅም ሥርዓት ነውና።

ይህ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ይህን መጽሔት አሜሪካ ሆናችሁ የምታነቡ እንደምትኖሩ አስባለሁ። እዚያም ክፍለ ግዛቶች በየራሳቸው ሕግ መዝገብን ይሰርዛሉ ወይም ያሽጋሉ፤ ማን እንደሚፈቀድለት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ይለያያል። ሁለት የሕግ ምሁራን በሚሺጋን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሕጉ ከሚፈቅድላቸው ሰዎች መካከል ከተፈቀደላቸው በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ መዝገባቸውን ያሰረዙት ከ100ው ከ7 ያንሳሉ። ያሰረዙት ደግሞ የተሻለ ሥራና ደመወዝ አግኝተዋል፤ ተመልሰው ወንጀል ውስጥ የገቡትም በጣም ጥቂት ናቸው። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ሰው የማይገባው ለምንድን ነው? በሩ መኖሩን ያላወቀ አለ፤ ወጪው የከበደው አለ፤ ፍርድ ቤት የሚለውን ቃል ዳግመኛ መስማት ያልፈለገም አለ። ፔንሲልቬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳንድ መዝገቦች ያለ ማመልከቻ በራሳቸው እንዲታሸጉ የሚያደርግ ሕግ ያወጣችው ይህን ችግር አይታ ነው። እዚያ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ፦ ዜግነት ያልወሰደ ሰው በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት መዝገቡ ቢሰረዝለትም፣ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ፍርዱ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

በእኛም ኅብረቶች ውስጥ «የሚፈቀድለት ሆኖ ያልጠየቀ» ሰው የሚኖር ይመስለኛል። ሕግ የምትማሩ ልጆች አላችሁ። ማመልከቻ መጻፍ የምትችሉ አላችሁ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ድረስ አብሮ ሄዶ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ደግሞ ማንም አያቅተውም። የታሰሩትን ለመጠየቅ በበዓል ወደ ማረሚያ ቤት ዳቦና ሳሙና ይዘን እንሄዳለን፤ መልካም ነው። የወጡትን ግን ማን ይጠይቃቸዋል? በርናባስ ያደረገው ይህን ነበር። በኢየሩሳሌም ያሉት ደቀ መዛሙርት ሳውልን ፈርተው ሲሸሹት፣ እርሱ ይዞት ገባ።

ታሪኬን ልጨርስ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያን ወንድም ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ አገኘሁት። ልሸሽ አሰብኩ፤ እሱ ግን ቀድሞ ሰላም አለኝ። ሻይ እንጠጣ ብዬ ይዤው ገባሁ፤ ያደረግሁትንም ነገርኩት። የተናገርኩት እኔ መሆኔን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር።

ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። የታሰረው በ20 ዓመቱ ተቀጥሮ ይሠራበት ከነበረ ሱቅ ገንዘብ ወስዶ ነው። ከወጣ በኋላ በቀን ሥራ ካገኘው ላይ በየወሩ እየቆረጠ ለሱቁ ባለቤት ከፍሎ ጨርሷል። ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ እንደ ተከፈላቸው ጽፈው ፈርመውለት፣ ያንን ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ተሰይሟል። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ እጄን ካወጣሁበት ስብሰባ አንድ ዓመት በፊት ነው። «ጋሼ ለልጃቸው ሠርግ ጠርተውኝ ነበር፤ ድንኳን ስተክል ነው የዋልኩት» አለኝ።

ልብ በሉ። ገንዘባቸው የተወሰደባቸው ሰው ጉዳዩን ዘግተውታል። የፈረደው ፍርድ ቤት ዘግቶታል። በክርስቶስ የዕዳ ጽሕፈት እንደ ተደመሰሰ በየእሑዱ የምንዘምረው፣ አንዲት ሳንቲም ያልጠፋብን እኛ ብቻ ነበርን ከፍተን የያዝነው።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። ወደ ኅብረቱ ተመለስ ብለው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ወደዚያ አዳራሽ ገና አልችልም። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው። እዚያ ማንም አያውቀኝም።» ይህን መልስ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ። የእግዚአብሔር ቤት ሰው የማይታወቅበት ጊዜ ብቻ የሚያርፍበት ቤት ከሆነ፣ ምን ዓይነት ቤት ሠርተናል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ለጸሎት ብዬ ነው» የሚለው ቃል አፋችሁ ላይ ሲመጣ፣ «እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ይህ እውነት አድራሻው ማን ነው? ብናገረው ማን ይጠበቃል? ዝም ብለውስ ማን ይጎዳል? መልስ ካጣችሁ በእርግጥ ጸልዩ፤ ለመጸለይ ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም፤ ጌታ ታሪኩን ያውቀዋል።

ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት ለወንድሜ አነበብኩለት። ለወጣቶቹ ይጠቅም እንደሆነ ጻፈው አለኝ፤ ስሜ ግን ይቅር አለ። ታሪኩ የእርሱ ነው። አንድ ቀን በምስክርነት መቆም ከፈለገ እርሱ ራሱ ይናገረዋል።